«ነፋስን ማን ይከሳል?»

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ የቀረበው እንግዳ ከኦሃዮ የከሰል መብራት ማመንጫዎች ወደ እኛ ወደ ሜሪላንድ ስለሚነፍሰው ጭስ ተጠይቆ «ነፋስን ማን ይከሳል? ሜሪላንድ በከንቱ ነው ፍርድ ቤት የምትመላለሰው» ሲል ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። ልጄ አስም አለበት። ሰመር ላይ ኮድ ኦሬንጅ፣ ማለት አየሩ እንደሱ ላሉ ሕመምተኞች አይመችም፣ በተባለ ቁጥር ሌሎቹ ኳስ ሲጫወቱ እሱ በመስኮት ያያቸዋል። ጭሱን ነፋስ ያመጣው እንደሆነ ነው እንጂ ነፋስ አላጨሰውም!

የኮለምበሱ፦ እህቴ፣ ልጅሽን እግዜር ይማርልሽ። ሰውየው ግን አልተሳሳተም። ማመንጫው የሚሠራው እኛ ኦሃዮ ያለን መብራት እንድናገኝ ነው። ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ቢነፍስ ምን እናድርግ? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2024 ለኦሃዮ ፈርዷል።

መዝገብ አገላባጭ፦ «ፈርዷል» አትበል ወንድሜ። ጁን 27 ቀን 5 ለ4 በሆነ ድምፅ የሰጠው እግድ ነው። የታገደው የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ጭስ ወደ ጎረቤት ግዛት እንዳይሻገር ያወጣው የ«መልካም ጎረቤት» ዕቅድ ነው። 23 ግዛቶችን ይነካ ነበር፤ በ12ቱ ላይ ግን አስቀድሞ በየፍርድ ቤቱ ታግዶ ነበር። ዳኛ ጎርሰች የጻፉት «የቀሩት ጥቂቶቹ ሲሆኑ ዕቅዱ አሁንም ያስኬዳል ወይ ለሚለው ኤጀንሲው በቂ መልስ አልሰጠም» የሚል ነው። ጭስ ድንበር አይሻገርም ያለ ዳኛ የለም። ዳኛ ባሬት ደግሞ ከሦስቱ ሊበራል ዳኞች ጋር ሆነው ተቃውመዋል።

የኮለምበሱ፦ እግድም በለው ፍርድ፣ ዕቅዱ ቆሟል።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ የጠየቅሁትን መልስልኝ። ከሰሉን የሚያነደው ነፋስ ነው?

የባልቲሞር ባለታክሲ፦ ቆይ፣ እኛስ? 495 አውራ ጎዳና ላይ ሞተር አስነስተን ስንት ሰዓት ነው የምንቆመው? የእኔም መኪና ያጨሳል። ሁሉን ኦሃዮ ላይ መጫን ግፍ ነው።

መዝገብ አገላባጭ፦ መኪናችን ያጨሳል፣ ማን ካደ? ግን የሜሪላንድ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ሳንባ ከሚጎዳው ጋዝ፣ ከኦዞኑ፣ 70 ከመቶ ያህሉ ከሌላ ግዛት እንደሚመጣ ነው የሚናገረው። ሜሪላንድ በ2016 ለፌዴራሉ ኤጀንሲ ያስገባችውን አቤቱታ አንብቡት። በአምስት ግዛቶች ስላሉ 36 የከሰል ማመንጫ ክፍሎች ነው። አዲስ ነገር ግዙ አላለችም። የተገጠመውን የናይትሮጅን ኦክሳይድ መቀነሻ ሰመር ላይ በደንብ አሠሩት ነው ያለችው። ይህን ጋዝ ፀሐይ ስትመታው ነዋ ኦዞን የሚፈጠረው።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ ተገዝቶ፣ ተገጥሞ፣ በደንብ ሳይሠራ?! ይህንንም ነፋስ ነው ያደረገው?

የኮለምበሱ፦ አቤቱታውን ኤጀንሲው በ2018 ውድቅ አደረገው፤ በ2020 ይግባኝ ሰሚው አብዛኛውን አጸናው። ተሸነፋችሁ።

መዝገብ አገላባጭ፦ አብዛኛውን እንጂ ሁሉን አይደለም። ከፊሉን እንደገና እይ ብሎ ለኤጀንሲው መልሶለታል።

ሕግ ተማሪ፦ «ነፋስን ማን ይከሳል» ለምትሉ፦ በ1907 ጆርጂያ የቴነሲን መዳብ ማቅለጫዎች ከስሳ ረታለች። ጭሱ ድንበር ተሻግሮ ደኗን እየፈጀባት ነበር። ዳኛ ሆምስ ነዋሪዎቿ ንጹሕ አየር ይተንፍሱ አይተንፍሱ በሚለው ላይ የመጨረሻው ቃል የግዛቲቱ ነው ብለዋል። የተከሰሰው ባለጭሱ ነው፣ ነፋሱ አይደለም።

የኮለምበሱ፦ የመቶ ዓመት መዝገብ የመብራት ሂሳቤን ይከፍልልኛል? ሁለት ሥራ ነው የምሠራው።

የባልቲሞር ባለታክሲ፦ አገር ቤት ሁላችንም ከሰል ላይ በፈላ ቡና አድገን የለ?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ የእናቴን ምድጃ ከማመንጫ ጋር አታወዳድር! እሷ ጭሱ ልጆቿን ሲያስለን በሩን ትከፍት ነበር። እኔ ኮድ ኦሬንጅ ሲሆን የምዘጋው በር ነው ያለኝ።

የባልቲሞር ባለታክሲ፦ እናትሽን አልነካሁም እኮ። መኪናውን ነው ያነሳሁት፣ እሱን አልመለሳችሁልኝም።

የኮለምበሱ፦ የእኔንም ሂሳብ።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ ለነገም ኮድ ኦሬንጅ ተብሏል።