የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኑሮ ሳይጋነን እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ዘንድሮ ፍሬሽማን ነኝ። ምን ልያዝ? ካፌ (የግቢው ምግብ) ይሻላል ወይስ ነን ካፌ (የምግቡን ብር ወስዶ ውጭ መብላት)?

መልስ፦ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ባልዲ፣ ለሎከር ጠንካራ ቁልፍ። ማከፋፈያም ያዝ፤ የዶርም ሶኬት ለሁሉም ስልክ አይበቃም።

መልስ፦ በካፌ ጀምር ወንድሜ። ሽሮና ምስር ይደጋገማል፣ ሰልፉም ያሰለቻል፤ ግን የነን ካፌው ብር ውጭ ለሚበላ ወር አያደርስም።

መልስ፦ ምግቡን ተዉት፣ ይለመዳል! ዋናው የአንደኛ ዓመት ውጤት ነው፤ ዲፓርትመንት የሚደለደለው በዋናነት በእሱ ነው። «ገና ፍሬሽ ነኝ» ብሎ የተዝናና ያልፈለገው ክፍል ይደርሰዋል። ከሚድ (ከሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) በፊት የቆዩ ፈተናዎችን ከሲኒየሮች ወስደህ ሥራ። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ ሳያልፉ ዲግሪ የለም።

መልስ፦ ኮስት ሼሪንጉንም (የወጪ መጋራት ውሉን) አንብበህ ፈርም። ምግቡና ዶርሙ ዕዳ ውስጥ ይገባል፤ ነፃ አይደለም።