የሊቨርፑል ወደብ ጉብኝት የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ፦ ሁለተኛ ረቂቅ፣ ሐሳብ ስጡበት

ጸሐፊ
ረቂቁን ትናንት ለሁላችሁም ልኬያለሁ። ማመልከቻው አርብ ማታ ይዘጋል፤ ከረቡዕ በኋላ የሚመጣ ሐሳብ አላስገባም። የምንጠይቀው 8 ሺህ ፓውንድ ነው። አምና ለምን እንደወደቅን ታውቃላችሁ።

ዓላማው አልተቀየረም። ልጆቻችን ሊቨርፑልን በኳስ ብቻ ነው የሚያውቋት፤ ወደቡን በእግር እያዞርን ታሪኩን በአማርኛ እንነግራቸዋለን። መነሻችን ኦልድ ዶክ፣ አሮጌው የመርከብ ማራገፊያ ገንዳ ነው፣ ዛሬ በገበያ ማዕከሉ ሥር ያለው። የመርሲ ወንዝ ውሃ ሲሞላና ሲጎድል ልዩነቱ እስከ 10 ሜትር ስለሚደርስ ዕቃ ማራገፍ መከራ ነበር፤ በ1715 ውሃው እንዳይሸሽ በበር የሚዘጋ ገንዳ ከፈቱ። ከዚያ አልበርት ዶክ፣ ከዚያ የሰሜኑ ገንዳዎች፣ ማብቂያው ወንዝ ዳር አዳራሽ ውስጥ ቡና።

ገንዘብ ያዥ
ከአዳራሹ መልስ መጥቷል። ከሰል ክልክል ነው። ዕጣንም የጭስ መጠቆሚያውን ስለሚያስጮህ አይቻልም። የኤሌክትሪክ ምድጃ ፈቅደዋል።

የቡና አስተባባሪ
እኔ በኤሌክትሪክ ምድጃ አላፈላም። ቄጠማ ጎዝጉዤ፣ ረከቦት ዘርግቼ፣ የሀገር ልብስ ለብሼ ሶኬት ፍለጋ ግድግዳ ልዳብስ? ዕጣን ከሌለ ደግሞ ቡና ጠጡ እንጂ ቡና ተፈላ አይባልም። ሌላ ሰው ፈልጉ።

የኤቨርተን ደጋፊ
እትዬ፣ ለአንድ ቀን ነው እኮ። ይልቅ የሰሜኑን ክፍል እዩልኝ። ዩኔስኮ በ2004 የመዘገበውን የወደብ ቅርስ በ2021 ሰርዞታል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ብራምሊ ሙር ዶክ ላይ የተሠራው ስታዲየማችን ነው። ረቂቁ ዝም ብሎ አልፎታል። ያ ገንዳ ባዶውን ቢቀመጥ ማን ያየው ነበር? ይጻፍ።

የቡና አስተባባሪ
ለአንድ ቀን ከሆነ ለአንድ ቀን ከሰሉን ይፍቀዱ።

የቀድሞ መርከበኛ
ከሰሉን ተዉትና ስለ አልበርት ዶክ የተጻፈውን አስተካክሉ። «ውብ ሕንፃ» ብላችሁ አለፋችሁት። መሐንዲሱ ጄሲ ሃርትሊ በ1846 የተመረቀውን ገንዳ የሠራው በብረት፣ በጡብና በድንጋይ ነው፤ ለመዋቅሩ እንጨት አልነካም። መጋዘን እየተቃጠለ ነጋዴ ይከስር ስለነበር ነው። መርከቧ መጋዘኑ ደጃፍ ድረስ ገብታ ሻይ፣ ሐር፣ ትንባሆ፣ ብራንዲ እዚያው ታራግፋለች። ለልጆች መነገር ያለበት ይህ ነው።

አወዳደቁም አልተጻፈም። መርከቦቹ ለእነዚያ ጠባብ በሮች ገዘፉ፤ ኮንቴይነር ሲመጣ ደግሞ ብዙ ጀርባ የሚፈልገውን ሥራ ጥቂት ሰው በክሬን ጨረሰው። አልበርት ዶክ በ1972 ተዘጋ፤ የወንዙ ውሃ እንደልቡ እየገባ ገንዳውን ደለል ሞላው። እኔ በዐይኔ ያየሁት ነው። ሲሸሽ ጥቁር ጭቃ፣ መሐሉ ላይ ጎማና የተሰበረ ሳንቃ፣ ዳር ዳሩን የዛገ ሰንሰለት። እዚያ የሠሩ ሰዎች አጥሩን ተደግፈው ያዩታል፤ ቃል አይወጣቸውም።

የቡና አስተባባሪ
ጋሼ ተናገሩት! እሳት እንዳይበላው ብለው የሠሩት ወደብ ላይ አንድ ክንድ የማይሞላ ምድጃ የሚያስፈራው ምኑ ነው? ይህንኑ ጽፋችሁ ላኩላቸው።

ነርሷ
እትዬ፣ ጉዳዩ እሳት አይደለም። ከሰል በዝግ ክፍል ሲነድ የማይታይና የማይሸት ጋዝ ያወጣል። አገር ቤትም ብርድ ነው ብለው ከሰል አስገብተው የተኙ ስንቶች ሳይነሡ ቀርተዋል። ልጆች ባሉበት እኔ አልፈርምም።

የቡና አስተባባሪ
እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ አፍልታ ዘጠኝ ልጅ አሳድጋለች።

ነርሷ
የእናትዎ ቤት በሩ ክፍት ነው፤ የዚህ አገር አዳራሽ መስኮቱ እንኳ አይከፈትም።

የቡና አስተባባሪ
እናቴን ከአፍሽ አውጪ።

ገንዘብ ያዥ
በቃ! አምናም እንዲህ ተናቁረን ነው የቀረነው። ኢንሹራንስ አዳራሽ ውስጥ ከሰል ካለ አይሸፍንም፤ ኢንሹራንስ ከሌለ ገንዘብ የለም። ፎቶ እሰበስባለሁ ያለውስ የት ገባ? ሁለት ሳምንት ስልክ አያነሳም።

አባል
ሁላችሁም ስለ ጭስ ስታወሩ የባሪያ ንግዱ አንድ መስመር ላይ ቀርቷል። ይህች ከተማ የከበረችው መርከቦቿ እስከ 1807 ድረስ አፍሪካውያንን እያጋዙ ነው። ሙዚየሙ እዚያው አልበርት ዶክ አለ፣ በ2007 የተከፈተው። ጥቁር ልጆች ይዘን በደጁ እንለፍ?

ጸሐፊ
ትክክል ነህ። አንቀጹን አንተ ጻፈው፤ እስከ ነገ ማታ።

የኤቨርተን ደጋፊ
ቡናው ውጭ፣ ገንዳው ዳር ቢሆንስ?

የቀድሞ መርከበኛ
የመርሲን ነፋስ አታውቀውም። ፍሙን ልጆቹ ላይ ይበትነዋል።

ነርሷ
እትዬ፣ ቅድም ስለ እናትዎ የተናገርኩት ከአፌ አምልጦኝ ነው፣ ይቅርታ። ቶክስቴዝ ሰፈር የምንሰበሰብበት አዳራሽ ጓሮ አለው፣ ግንቡ ነፋስ ይከላከላል። ውጭ ከሆነ ከሰሉን አልቃወምም።

የቡና አስተባባሪ
እኔም ተቆጥቼ ነው። ጓሮው ከሆነ አፈላለሁ፤ ዕጣኑንም ይዤ እመጣለሁ። ሁለት ጀበና ይበቃል፤ ስኒ ግን ይገዛ፣ ያሉት ተሸራርፈዋል።

ገንዘብ ያዥ
ቶክስቴዝ ከሆነ ከሰሜኑ ገንዳዎች ሽማግሌ በእግር አይመለስም። አውቶቡስ ልከራይ ብል ስኒና ድንኳን አይገዛም። ሰሜኑ ይውጣ።

የኤቨርተን ደጋፊ
ሰሜኑ ከወጣ እኔ አስጎብኚነቱን ትቻለሁ።

ጸሐፊ
እንግዲህ ለኦልድ ዶክም አስጎብኚ የለንም፤ እሱ ነበር ሁለቱንም የያዘው። የባሪያ ንግዱ አንቀጽም እስካሁን አልደረሰኝም፤ ራሴ እጽፈዋለሁ። ዛሬ ረቡዕ ነው። እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ ርእሱ «የቡና ቀን በቶክስቴዝ»፤ የወደቡ ታሪክ ጓሮው ግንብ ላይ በፎቶ ይሰቀላል፤ ጋሼ ቁጭ ብለው ይናገራሉ።

የቀድሞ መርከበኛ
ፎቶውን የሚያመጣው ሰው የለም አላችሁ እኮ። እኔ እናገራለሁ። ግን ጭቃው ያለበትን አንቀጽ እንዳታወጡት። በ1981 እዚሁ ቶክስቴዝ ወጣቱ ከፖሊስ ጋር ሲዋጋ ያ ገንዳ ገና በደለል እንደተሞላ ነበር። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የልማት ኮርፖሬሽን ነው ያስጠረገው፤ በ1988 እዚያው ቴት የሚባለው ሥዕል ማሳያ ሲከፈት ውሃው ተመልሶ ነበር። ሥራው ግን ለእነዚያ ሰዎች አልተመለሰም። ይህን ካወጣችሁ እኔም አልመጣም።

ጸሐፊ
ጋሼ፣ ቅጹ የቀረው 60 ቃል ነው። ጭቃውን አስገባለሁ፤ የስኒውን ዝርዝር አሳጥረዋለሁ።

የቡና አስተባባሪ
ስኒው 40 እንዳይጎድል።