ክርክር፦ ደቻቱ ላይ ሴንሰሩ ሁሌ ይብራ ወይስ እየተመረጠ?

ጠያቂ፦ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ውስጥ ከ250 በላይ ሰው አለቀ። እንዲህ ባለ ወንዝ ላይ የውሃ ከፍታ የሚለካ ሴንሰር ቢተከል 24 ሰዓት ይሥራ ወይስ በተመረጠ ጊዜ ብቻ? ባትሪው ውስን ነው እንበል።

የድሬ ልጅ፦ ይሄ ምን ጥያቄ አለው! ሁሌ ይሥራ። ጎርፍ ቀጠሮ አይሰጥም። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ደጋ የዘነበው ይደርስብናል።

የውሃ መሐንዲሷ፦ ወንድሜ፣ ይገባኛል። ግን ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። እኔ የምፈልገው ሁለት ቁጥር ነው። የወንዙ ወለል ውሃውን ምን ያህል ያዘገየዋል? አሸዋውስ ምን ያህሉን ይጠጣል? እነዚህ ካልታወቁ ጎርፉ ከከተማው በላይ በኩል ታይቶ ከተማ እስኪገባ ስንት ደቂቃ እንዳለን ማስላት አይቻልም። ደረቅ አሸዋ ሺህ ጊዜ ቢለካ ስለ ሁለቱም ምንም አይነግረንም። የሚነግረን ውሃው ሲነሳና ሲወርድ ነው። ባትሪው ለዚያ ይቆጠብልኝ፤ ያኔ በየደቂቃው ልለካ።

የሂሳብ መምህር፦ ስሌቱም ይህንኑ ይላል። የምንፈልገው ቁጥር ትንሽ ሲለወጥ ሴንሰሩ የሚለካው በጣም የሚለወጥበት ሰዓትና ቦታ ነው ጠቃሚው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሴንሰሮችን አብሮ ማብራት አንድ ወሬ ሁለቴ መስማት ነው። ችግሩ፣ ጥሩውን ሰዓት ለመምረጥ ያንኑ የማናውቀውን ቁጥር መገመት አለብን። ስለዚህ በግምት ተጀምሮ ከእያንዳንዱ ጎርፍ በኋላ ይስተካከላል።

የድሬ ልጅ፦ ጋሼ፣ ግምቱ እስኪስተካከል እናቴ ወንዙ ዳር ነው የምትተኛው እኮ!

የውሃ መሐንዲሷ፦ ለዚህ ነው ጥናትና ማስጠንቀቂያን የማልቀላቅለው። ደጋ ላይ ያለው የዝናብ መለኪያ ፈጽሞ አይተኛም። ውስጡ ያለችው ትንሽ ባልዲ በዝናብ ውሃ ሞልታ ስትገለበጥ ብቻ ምልክት ስለሚሰጥ ብዙ ኃይል አይበላም። እሱ የታቹን የወንዝ ሴንሰር ይቀስቅስ።

የድሬ ልጅ፦ ኔትወርኩ ቢጠፋስ? ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው።

የውሃ መሐንዲሷ፦ እውነትህን ነው፣ ይህን ዘልዬው ነበር። እንግዲያው በክረምት የላይኛው በየተወሰነ ደቂቃ «አለሁ» ይበል። ድምፁ ከጠፋ የታቹ ራሱ ይንቃ፤ ባትሪው ከፈለገ ይለቅ።

የድሬ ልጅ፦ እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ። ግን ሴንሰሩ ሳይተከል ይሄ በጽሑፍ ይግባ።