ከጣርማ በር ዋሻ የሚወጣው ሰርከስ ለልጆች ይነበብ ወይስ ይቅር?

የደብረ ብርሃኑ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ዛሬ የምንከራከርበት ጉዳይ ለክረምቱ የልጆች ንባብ ከመጡት ታሪኮች አንዱ ነው። ሳይንስ ልብወለድ ነው፣ የጻፈችው የኛው ግሩፕ አባል ናት። ባጭሩ፣ ሌሊት ጣርማ በር በጉም ሲዋጥ ጣሊያን ከቆፈረው ዋሻ ውስጥ ማንም የማያውቃቸው መኪኖች ይወጡና ደብረ ሲና ድንኳን ይተክላሉ። አንድ የሚሽከረከር ማሽን አላቸው፣ የወጣበት ልጅ ያሰበውን ሁሉ ያገኛል ግን ከዕድሜው ይቀነስበታል። ከሰርከሱ ሰዎች አንዱ አንድ እጅ የለውም፣ አንዷ በጣም አጭር ናት፣ ሁሉም ያስፈራሉ። ይነበብ የሚሉም አሉ ይቅር የሚሉም። እናንተስ?

የሸዋ ሮቢቷ፦ ይነበብ እንጂ ምን ጥያቄ አለው! እኛ የጅብና የጭራቅ ተረት እየሰማን አይደል እንዴ ያደግነው። ደሞ እንዲህ አይነት ታሪክ ዛሬ የተጀመረ አይደለም፣ ሬይ ብራድበሪ በ1962 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ባሳተመው ልብወለድ ውስጥ በሌሊት ባቡር የሚመጣ ካርኒቫል፣ ማለት ከከተማ ከተማ የሚዞር ትርኢት አለ፣ የእንጨት ፈረሶች ያሉት መጫወቻ ወደፊት ሲዞር ያስረጃል ወደኋላ ሲዞር ልጅ ያደርጋል። እዛ ውስጥ ያለ አንድ ልጅ ቶሎ ማደግ ያምረዋል፣ የጓደኛው አባት ደግሞ ማርጀቱ ያስጨንቀዋል፣ ካርኒቫሉ የሚገባው በዛ ቀዳዳ ነው። እኔ ያለሁበት ከተማ ስንት ልጅ ነው ደላላ በሌሊት መጥቶ ሳውዲ አስገባሃለሁ ብሎት ቤተሰቡን ሳይሰናበት የጠፋው? የፈለግከውን እሰጥሃለሁ የሚል የማታውቀው ሰው ሲመጣ ዋጋው ስንት ነው ብለህ ጠይቅ የሚል ታሪክ ለነዚህ ልጆች ካልተነበበ ለማን ሊነበብ ነው

ከሰላ ድንጋይ፦ እህቴ ስለ ደላላው ያልሽው ልክ ነው፣ እኔም ልጅ አይፍራ አላልኩም። የኔ ጥያቄ ማንን ነው የሚፈራው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ከሌላው እኩል መድረክ ላይ የሚሠሩበት ሰርከስ አለን እኮ፣ ሰርከስ ደብረ ብርሃን! እነዛን ወጣቶች አይቶ ያጨበጨበ ልጅ በማግስቱ ክፍል ገብቶ «እጅ የሌለው ሰውዬ ነፍስ ይሰርቃል» የሚል ታሪክ ሲነበብለት፣ እዛው ክፍል ውስጥ ክራንች ይዛ የተቀመጠች ልጅ ብትኖርስ? ሁሉም ዞሮ እሷን ነው የሚያየው

የደብረ ሲናው፦ ደራሲን እንዲህ አድርጊ እንዲህ አታድርጊ ማለት ሳንሱር ነው። እኔ ይነበብ።

ጋሽ የመንዙ፦ ልጆቼ፣ እኔ ከናንተ ትንሽ ስለምበልጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ድሮ ላሊበሎች ዶሮ ሳይጮህ መጥተው ደጃፍ ላይ ይቆማሉ፣ ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው አንዱ ሲያወጣ ሌላዋ ትቀበላለች፣ እና አባቴን በስሙ ጠርተው ያሞግሱታል። እኔ አልጋ ውስጥ ሆኜ እንዴት ስሙን አወቁ እያልኩ እንቀጠቀጥ ነበር። ኋላ ሳድግ ነው ከጎረቤት ጠይቀው እንደሚመጡ ያወቅኩት። ይሄ በፈረንጆቹ ታሪክም ያለ ነው፣ ድንኳን ተካዩ ሰውዬ ገና ሳትነግረው ስምህን ይጠራል አንተም ትደነግጣለህ። ላሊበሎቹን ደሞ ካላዜሙ ቁምጥና ይወጣባቸዋል ይባል ነበር፣ ስጋ ደዌ ግን በባክቴሪያ የሚመጣ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፣ ከዘፈን ጋር ምን አገናኘው። ጠይቡንስ? ማረሻችንን እየሠራልን፣ ምጣዳችንን እየሠራችልን፣ ቡዳ ነው ሌሊት ጅብ ይሆናል እያልን ልጅ ሳንሰጥ ልጅ ሳንቀበል ስንቱን ትውልድ አገለልን። በእጁ ሥራ የሚያድርን ሰው መፍራት እኛ አገር ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም፣ ሰው ተጎድቶበታል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነበብ እኔ ቀልቤ አያርፍም።

የሸዋ ሮቢቷ፦ ጋሼ የተናገሩት በጣም ልብ ይነካል፣ ግን በዚሁ ልቀጥል። ትርኢቱ ራሱ ክፉ የነበረበት ጊዜ አለ እኮ። ሳራ ባርትማንን ከደቡብ አፍሪካ ወስደው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1810 ለንደን ላይ ሰው እየከፈለ እንዲያያት አቆሟት፣ በ1815 ፓሪስ ሞተች፣ ከሞተች በኋላም ሙዚየም አስቀመጧት፣ አገሯ አፈር የገባችው በፈረንጅ 2002 ነው። ስለዚህ ድንኳን ተክሎ ሰውን የሚያሳይ ነጋዴ ያስፈራል ብሎ የሚጽፍ ሰው ከመሬት ተነስቶ አይደለም የጻፈው

ከሰላ ድንጋይ፦ አዎ! እሱን ነው የምለው! በዛ ታሪክ ውስጥ የሚያስፈራው ባለድንኳኑ ነው ወይስ ሳራ? የከፈለውም ሰው አለበት፣ ገብቶ ያየው። በፈረንጅ 1973 የወጣ የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ተከታታይ ውስጥ አንድ ተጓዥ ትርኢት አሳዪ ሕይወት ያላቸውን ፍጥረታት አሳንሶ የያዘ ማሽን ይዞ ይዞራል፣ ውስጡ ሰዎችም አሉ፣ መርከብ ላይ ያሉ መስሏቸው ያንኑ ነገር እየደጋገሙ ይኖራሉ፣ መታየታቸውንም አያውቁም። እዛ ላይ የታሰሩትን አትፈራም፣ ታዝንላቸዋለህ። እንደዛ ይጻፍ ነው የምለው፣ ሰርከስ ይውጣ አላልኩም።

ደራሲዋ፦ ሁላችሁንም አነበብኩ። ማሽኑንም ጉሙንም አልነካም፣ ሰውዬውም አንድ እጅ የለውም። ግን እስከ መጨረሻ ያነበበ አለ? ማሽኑን የሚያቆመው እሱ ነው። እጁን የበላው ያ ማሽን ነው፣ ልጆቹን ሊያባርራቸው ነው የሚያስፈራራቸው እንዳይወጡበት ብሎ።

የደብረ ሲናው፦ ይሄው! አለቀ በቃ

ከሰላ ድንጋይ፦ አላለቀም ወንድሜ። ደስ የሚል መጨረሻ ነው፣ እውነት። ግን ንባቡ በሳምንት አንዴ ነው፣ በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ። ልጅ ደግሞ ዝናብ ሲሆን ይቀራል፣ እናቱ ስትልከው ይቀራል፣ ግማሹ ሁለተኛውን ምዕራፍ ሰምቶ የመጨረሻውን አይሰማም። ያ ልጅ ይዞ የሚሄደው የሚያስፈራውን ሰውዬ ነው። እጁን እንዴት እንዳጣ በሦስተኛው ምዕራፍ ይነገር፣ ያኔ እኔ ራሴ መጥቼ አነብላቸዋለሁ። እስከዛ ግን ድምፄ ይቅር ነው።

ጋሽ የመንዙ፦ የኔም እንደዚያው።

የሸዋ ሮቢቷ፦ እኔ አሁንም ይነበብ። ግን ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ይምጣ የተባለውን እደግፋለሁ፣ ደራሲዋ እሺ ካለች።