በአርቪ ስትጓዙ የት ታድራላችሁ? ከቨርጂኒያ እስከ ግራንድ ካንየን ላሰባችሁ ጥቆማ

ሰሞኑን ሦስት ቤተሰቦች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «አርቪ ተከራይተን፣ ልጆቹን ይዘን ወደ ምዕራብ ልንወጣ ነው። ማታ ማታ የት እንደር?» ጥሩ ጥያቄ ነው። አርቪ አልጋና ምድጃ ያለው፣ ውስጡ የሚታደርበት መኪና ነው። መንገዱን ስልካችሁ ይመራችኋል። ጉዞውን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ግን ማደሪያው ነው።

እኛ ከቨርጂኒያ ተነስተን በአይ-81 ሃይዌይ ወረድን፣ ከዚያ አይ-40ን ይዘን አሪዞና ውስጥ ያለው ግራንድ ካንየን ደርሰን ተመለስን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና እናቴ ነበርን። አርቪው 25 ጫማ ነው።

ከሁሉ በፊት ሌሊቱን ለዩት። አንዳንዱ ሌሊት ሾፌሩ ዓይኑን ከድኖ ጠዋት ለመቀጠል ብቻ ነው። ሌላው ደግሞ የመጣችሁለት ቦታ ደርሳችሁ የምትቆዩበት ነው። ለመጀመሪያው ብዙ አትክፈሉ። ለሁለተኛው አትሰስቱ።

ለመንገድ ሌሊት ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠቅሰው ዋልማርትን ነው። ነጻ ነው፣ ግን ሁሉም ቅርንጫፍ አይፈቅድም። ውሳኔው የሱቁ ማናጀርና የከተማው ሕግ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ደውሉ። «ማደር ይፈቀዳል? የት ጋ ላቁም?» ብላችሁ ጠይቁ፣ የመለሰላችሁንም ሰው ስም ያዙ።

ይህን የተማርኩት ተቀጥቼ ነው። አንድ ምሽት ትልቅ ሱቅ ፓርኪንግ ውስጥ ሳንደውል ገባን። ሌሎች አርቪዎች ቆመው ስላየን የሚፈቀድ መሰለን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ፣ የባትሪ መብራት በመስኮት ገባ። ጥበቃው ጨዋ ሰው ነበር። ከተማው ስለማይፈቅድ መነሳት አለባችሁ አለን። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ «ምን ሆናችሁ?» እያለች ተነሳች። እንቅልፍ በዓይኔ እየሞላ 40 ደቂቃ ነዳሁ። በሕይወቴ ከነዳሁት ሁሉ የምፈራው ያንን መንገድ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳልደውል አላድርም።

ተፈቅዶላችሁ ስታድሩም ወንበር አታውጡ፣ ድንኳን አትዘርጉ፣ ምድጃ ውጭ አታቀጣጥሉ። አንድ ነገር ግዙ፣ በጠዋት ተነሱ።

ከአረጋውያን ጋር ከሆናችሁ ክራከር ባረል የሚባለውን በየሃይዌዩ ያለ ምግብ ቤት አስቀድማለሁ። ብዙዎቹ ከጎን ወይም ከጀርባ ለአርቪ የተሰመረ ቦታ አላቸው። ከትልልቆቹ ሱቆች ጸጥ ይላል፣ ቁርስም እዚያው ነው። እሱም ጋ መደወል ያስፈልጋል።

ትራክ ስቶፕን፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚያርፉበትን ማደያ፣ በተመለከተ ከልቤ የምለው አለኝ። ላቭስ፣ ፓይለትና ፍላይንግ ጄ ነዳጅና ሻወር አላቸው፣ ብዙዎቹም ፕሮፔንና የፍሳሽ መድፊያ አላቸው። ግን የትራከሮችን ቦታ አትያዙ። ወንድሜ ትራክ ይነዳል። ሕጉ በ14 ሰዓት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ያዛል፣ ከዚያ 10 ሰዓት ማረፍ አለበት። መኪናው ላይ ያለው መሣሪያ ደቂቃዋን ይመዘግባል። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ደርሶ ቦታው በአርቪ ተይዞ ካገኘው የት ይሂድ? በእነዚህ መንገዶች ላይ ስንት የእኛ ልጆች እንደሚነዱ ታውቃላችሁ። ለአርቪ ተብሎ የተለየ ቦታ ካለ እሱን ተጠቀሙ። አንዳንድ ላቭሶች መብራትና ውሃ ያለው የአርቪ ማደሪያ በክፍያ ያከራያሉ፣ ያ ጥሩ ነው። እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ ግን ራቅ በሉ። የሪፈሮቹ (ማቀዝቀዣ ያላቸው የጭነት መኪናዎች) ሞተር ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም ያድራል።

ሬስት ኤሪያ፣ በሃይዌይ ዳር ያለው የሕዝብ ማረፊያ፣ ማደሩ እንደ ስቴቱ ነው። ቴክሳስ እስከ 24 ሰዓት ይፈቅዳል፣ ኦሪገን 12፣ ካሊፎርኒያ 8፣ ፍሎሪዳ 3 ብቻ። እኛው ቨርጂኒያ ማደር አይቻልም። መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ።

አሁን የሚከፈልበት። የእኔ ልማድ ሁለት ሌሊት በነጻ፣ ሦስተኛው በክፍያ ነው። አምስት ሰው ባለበት አርቪ በሦስተኛው ቀን የውሃው ታንክ ያልቃል፣ የፍሳሹ ይሞላል፣ ልብስም ይከመራል። ለዚህ ኬኦኤ የሚባለው የካምፕግራውንድ (የአርቪና የድንኳን ማደሪያ ግቢ) ድርጅት ይመቻል። በ1962 ሞንታና ውስጥ ቢሊንግስ ላይ የተጀመረ ነው፣ ዛሬ በየሃይዌዩ ታገኙታላችሁ። ሦስት ዓይነት አለው። ለመንገድ ሌሊት «ጆርኒ» የሚባለው ይበቃል፣ ለሃይዌይ ቅርብ ነው። «ሆሊዴይ» እና «ሪዞርት» ልጆቹ ውለው እንዲጫወቱ ስትፈልጉ ነው። ስትይዙ በአንድ በኩል ገብታችሁ በሌላው የምትወጡበትን ቦታ ጠይቁ። ደክሟችሁ በጨለማ አርቪ ወደ ኋላ መንዳት አያስፈልጋችሁም። የመብራቱ መስመር 30 አምፕ ይሁን 50 ከአርቪያችሁ ጋር አመሳክሩ።

የስቴት ፓርኮች ብዙ ጊዜ ከኬኦኤ ይረክሳሉ፣ ያምራሉም። ቅዳሜና እሁድ ግን ቶሎ ይሞላሉ። ሃርቨስት ሆስትስ የሚባልም አለ። በዓመት ክፍያ አባል ትሆኑና እርሻና ወይን ጠጅ ማምረቻ ግቢ ውስጥ ታድራላችሁ፣ ከባለቤቶቹም አንድ ነገር ትገዛላችሁ። ለባልና ሚስት ብቻ ጉዞ ደስ ይላል።

ግራንድ ካንየን ላይ፣ በደቡቡ ጠርዝ፣ ዋናው ምርጫ ሁለት ነው። ማዘር ካምፕግራውንድ ርካሽና ዛፍ የበዛበት ነው፣ ግን መብራትና ውሃ በየቦታው አልተዘረጋም፣ ከ30 ጫማ በላይ የሆነም አያስገባም። ትሬለር ቪሌጅ መብራት፣ ውሃና ፍሳሽ ሙሉ አለው፣ ይወደዳል። እኛ ትሬለር ቪሌጅን መረጥን። እናቴ ማታ የምትጠቀምበት የመተንፈሻ መሣሪያ መብራት ይፈልጋል። ወጣቶች ብንሆን ማዘርን እንይዝ ነበር።

ሁለቱም ከሞሉ ከፓርኩ ወጣ ብሎ ካይባብ ብሔራዊ ደን አለ፣ በተፈቀዱት ቦታዎች በነጻ ይታደራል። ቢኤልኤም የሚባለው የፌዴራል መሬት አስተዳደር ቢሮ በሚያስተዳድረው መሬት ላይም እንዲሁ፣ በአብዛኛው በ28 ቀን ውስጥ እስከ 14 ቀን። ሰማዩ ሌላ ነው፣ ኮከቡ ዝቅ ብሎ ይታያል። ውሃ፣ መብራት፣ ሽንት ቤት ግን የለም። መንገዱም አፈር ነው። ብዙ የኪራይ ውሎች አስፋልት ካልሆነ መንገድ ላይ መንዳትን ስለሚከለክሉ፣ ከመግባታችሁ በፊት ውሉን አንብቡ።

ብርድ ልብስም ያዙ። የካንየኑ ደቡብ ጠርዝ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ ከአዲስ አበባ ብዙም አያንስም። በሰመር እንኳ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል።

ብርዱ ግን ከሰል ወደ ውስጥ እንዳያስገባችሁ። የከሰል ጭስ በተዘጋ አርቪ ውስጥ ተኝተው ያሉትን ይገድላል፣ ሽታም የሌለው ጋዝ አለው። ቡና የምትቆሉት ካምፕግራውንድ ስትደርሱ፣ ውጭ፣ በጋዝ ምድጃ ይሁን። ውስጥ ከቆላችሁ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ እናቴ ቡናውን ስትቆላ ጎረቤቶቻችን ሽታውን ተከትለው መጡ። አራት ሲኒ ብቻ ይዘን ስለነበር በየተራ ጠጡ። ሲኒ ጨመር አድርጋችሁ ያዙ።

በሰመር ለምትወጡ፣ የካንየኑን ማደሪያ ከወራት በፊት ያዙ። የማዘር ቦታ ማስያዣ ከ6 ወር በፊት ይከፈታል። የመንገዱን ሌሊቶች ከዚያ በኋላ በእሱ ዙሪያ አስተካክሏቸው።