ከደብረ ብርሃን፦ የሊብሬኦፊስን ኮድ ኮምፓይል ማድረግ (ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየር) ስላቃተኝ እርዳታ እጠይቃለሁ

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን የምማር የሶፍትዌር ምህንድስና ተማሪ ስሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕንኦፊስ ተለይቶ ለወጣውና አብዛኛው ኮዱ በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ ለተጻፈው ነፃ የቢሮ ሶፍትዌር ሊብሬኦፊስ የበኩሌን ለማበርከት እፈልጋለሁ። ለጀማሪዎች ተብለው ከተለዩት ቀላል ሥራዎች («ኢዚ ሃክስ») አንዱን መርጫለሁ፤ ሆኖም ገና ከደጃፉ አልፌ አልገባሁም።

ሙሉውን ኮድ ለማውረድ ሦስት ሌሊት ሞክሬአለሁ። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበውና ኮዱን የማወርድበት ጊት የተቋረጠ ክሎንን (ሙሉ ቅጂ ማውረድን) ካቆመበት ስለማይቀጥል፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ከዜሮ እጀምር ነበር። በመጨረሻ የለውጥ ታሪኩን ትቶ የቅርቡን ብቻ በሚያመጣው የጊት አማራጭ በ«ዴፕዝ 1» ተሳካልኝ። አሁን ግን 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፔ ኮምፓይሉን በ«ሜክ» ትእዛዝ ሳስጀምረው፣ ለሰዓታት እንደ ምጣድ ሲግል ይቆይና (በዚህ ብርድ ሙቀቱን እንኳ አልጠላሁትም) «ኪልድ» (ሥራው በግድ ተቋረጠ) የምትል አንዲት ቃል ጽፎ ያቆማል። በአንድ ጊዜ የሚሠራቸውን ፋይሎች ወደ 1 ባወርድም መጨረሻው ያው ነው።

የስዋፕ ቦታ (ራም ሲያንስ የሚያግዝ የዲስክ ክፍል) ብጨምር ይበቃል ወይስ ከኮምፓይሉ በፊት የማያስፈልጉኝን ክፍሎች ማስቀረት ይሻላል? ደግሞስ በ«ዴፕዝ 1» ባወረድኩት ኮድ ላይ የሠራሁትን ለውጥ ለግምገማ ወደ ጌሪት (የፕሮጀክቱ የኮድ መገምገሚያ ድረ ገጽ) ለመላክ ያስቸግረኛል? በተመሳሳይ አቅም ባለው ማሽን የሠራችሁ ካላችሁ፣ የተጠቀማችሁበትን ቅንብር ብታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።