«ደርሶ መልስ የሰነፍ ጉዞ ነው» ያለው ሰው ይምጣና ያስረዳን

የከንት እናት፦ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስለ አላስካው የመርከብ ጉዞ ስንመካከር አንድ ወንድማችን ብድግ ብሎ «ከሲያትል ደርሶ መልስ የሰነፍ ጉዞ ነው፤ አላስካን ማየት የሚፈልግ ከካናዳዋ ቫንኩቨር ተነስቶ ዋን ዌይ (መሄጃ ብቻ) ይሂድ» አለ። ግማሹ ሰው አጨበጨበለት። እኔን ግን እስካሁን እያንገበገበኝ ነው። እዚህ እቁብ ውስጥ እኮ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አሉ። ልጅ የታቀፉ አሉ። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ እናቶች አሉ። እነዚህ ሰዎች ሲያትል ወደብ ሻንጣቸውን አስረክበው፣ በሳምንቱ እዚያው ወርደው ቤታቸው ቢገቡ ስንፍናው የቱ ጋ ነው?

ሰሜን ኮከብ፦ የተናገርኩት እኔ ነኝ። አሁንም እደግመዋለሁ። ከሲያትል የሚነሳው መርከብ አብዛኛውን ጊዜ ከቫንኩቨር ደሴት በስተ ምዕራብ፣ በክፍቱ ውቅያኖስ ነው የሚሄደው። የመጀመሪያው ሙሉ ቀን ውሃና ሰማይ ነው። ስትመለሱም ያው ነው። መጨረሻ ላይ የካናዳዋ ቪክቶሪያ ለአንድ ምሽት ያቆማችሁና አለቀ። ከሰባቱ ቀን ስንቱ አላስካ ሆነ? ከቫንኩቨር የተነሳ ሰው ግን ገና ከወደቡ ሲወጣ በደሴቱና በዋናው መሬት መካከል ነው የሚያልፈው። ግራም ቀኝም ተራራና ጫካ ነው። በሳምንቱ አላስካ ውስጥ ሴዋርድ ወይም ዊቲየር ወደብ ይወርዳል። ከዚያ ባቡር አለ፣ አንኮሬጅ ከተማ አለ፣ የደናሊ ተራራ አለ። ያየውን ባሕር ደግሞ ለማየት አይከፍልም።

ሙሌ ሬንተን፦ «አይከፍልም» ካልክማ ስለ ክፍያ እናውራ። የዋን ዌዩ ትኬት ረከስ ብሎ ሊታይህ ይችላል። ግን ቫንኩቨር መድረሻ ባቡር ወይም አውቶብስ አለ። መርከቡ እንዳያመልጥህ ከዋዜማው ሄደህ ሆቴል ታድራለህ። ስትወርድ ከሴዋርድ እስከ አንኮሬጅ ሌላ ትራንስፖርት። ከአንኮሬጅ ሲያትል አውሮፕላን፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ በረራ። ይሄን በአምስት የቤተሰብ አባል አባዛው። እኔ አራት ልጅ አለኝ። ሰነፍ ስለሆንኩ አይደለም ደርሶ መልስ የምለው።

የከንት እናት፦ ተባረክ ሙሌ። «ሰነፍ» የተባለው እንግዲህ ይሄ ለልጆቹ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ሰው ነው።

ሰሜን ኮከብ፦ እኔ ሰዉን አላልኩም። ጉዞውን ነው ያልኩት።

የከንት እናት፦ ጉዞ በራሱ ይሰንፋል እንዴ ወንድሜ? የሚሰንፈው ተጓዡ ነው። የተናገርከውን ሰው ሁሉ ሰምቶታል።

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ ረጋ በሉ። እኔ በሁለቱም ሄጃለሁ። ዋን ዌዩ ላይ ሀባርድ የሚባለውን ግሌሸር (የበረዶ ግግር) ያየሁ ቀን አልረሳውም። የበረዶው ግንብ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። አብዛኛው የአላስካ ግሌሸር ወደ ኋላ ሲሸሽ እሱ ወደ ባሕሩ ይገፋል። በ1986 እና በ2002 ከፊቱ ያለውን ፊዮርድ (ጠባብ የባሕር ክንድ) አፍ ዘግቶ ሐይቅ አድርጎት ነበር። ለዚህ ስል ዋን ዌዩን እመርጣለሁ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የአላስካን ባሕረ ሰላጤ ስናቋርጥ ባለቤቴ ከአልጋ አልተነሳችም። ማዕበሉ አጥወለወላት። ስለዚህ ክፍት ባሕር የደርሶ መልሱ ብቻ ችግር ነው የሚለውን አልቀበልም።

ሰሜን ኮከብ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ዋን ዌዩን እመርጣለሁ ብለዋል። ይመዝገብልኝ።

ካርታ ወዳድ፦ አንድ የተሳሳተ ነገር ላርም። እሁድ ዕለት «ከሲያትል የተነሳ ግሌሸር ቤይን (ብሔራዊ ፓርክ የሆነውን ባሕረ ሰላጤ) አያይም» ሲባል ሰምቻለሁ። ውሸት ነው። ከሲያትል የሚነሱም የሚገቡ አሉ። ፓርኩ በቀን የሚያስገባው ትልልቅ መርከብ ሁለት ብቻ ስለሆነ ፈቃዱ ያለው ኩባንያ ነው የሚገባው። የመነሻ ወደቡ አይወስንም። ፈቃድ የሌለው ኤንዲኮት አርም ወደሚባለው የባሕር ክንድ ወይም ሌላ ቦታ ይወስዳችኋል። ስለዚህ ትኬት ስትቆርጡ ዋን ዌይ ነው ደርሶ መልስ ከማለታችሁ በፊት «ግሌሸር ቤይ» የሚል ተጽፎ እንደሆነ እዩ። በ1700ዎቹ አጋማሽ ያ ባሕረ ሰላጤ በሙሉ በረዶ ነበር። በ1794 የእንግሊዝ መርከበኞች ሲያልፉ የባሕሩ አፍ ትንሽ ገባ ብሎ ነው ያገኙት። ዛሬ መርከቡ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። የፓርኩ ጠባቂዎች በትንሽ ጀልባ መጥተው ይሳፈሩና ማርጀሪ ግሌሸር ፊት ቆመው ያስረዷችኋል። ይሄን ያላየ ሰው በየትኛውም መንገድ ይሂድ፣ ትልቁን ነገር ሳያይ ነው የተመለሰው።

አንድ ካሜራ፦ ስለ በረንዳ ያነሳ የለም። በዋን ዌይ ወደ ሰሜን ስትሄድ የዋናው መሬት ዳርቻ በቀኝ በኩል ነው። የግራ ክፍል የደረሰው ሰው ባሕረ ሰላጤው ላይ ሲደርስ ውሃ ሲያይ ይውላል። በደርሶ መልስ ግን አንዱን ጎን ስትሄድ፣ ሌላውን ጎን ስትመለስ ከራስህ በረንዳ ታየዋለህ። «ያየውን ባሕር ደግሞ» የሚለው እዚህ ላይ ይወድቃል። ብርሃኑም ያው አይደለም። ሌሊት ያለፍክበትን ስትመለስ ጠዋት ልታገኘው ትችላለህ።

ሰሜን ኮከብ፦ ከበረንዳህ ወጥተህ ላይኛው ወለል ላይ ብትቆም ሁለቱንም ጎን ታያለህ። ለእሱ ሦስት ቀን ወደ ኋላ መጓዝ አያስፈልግም።

የከንት እናት፦ ላይኛው ወለል ላይ በንፋስ ቆመው የሚውሉት የሰባ ዓመቷ እናቴ ናቸው?

ወረቀት አዋቂ፦ ይቅርታ፣ ሁላችሁም ዋናውን ነገር እየዘለላችሁት ነው። ወረቀት። ከሲያትል ደርሶ መልስ ስለሆነ ካናዳ አንገባም ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ቪክቶሪያ ስለሚቆም የመርከብ ኩባንያው የካናዳ ቪዛ ይጠይቃል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከ2022 ወዲህ ቪዛም፣ ኢቲኤ የሚባለው የኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድም አያስፈልገውም። ግን ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርት ሊኖረው ይገባል። ስንቶቻችን ነን የኢትዮጵያ ፓስፖርታችን ሳጥን ውስጥ ጊዜው አልፎበት የተቀመጠው? ከአገር ቤት በጉብኝት ቪዛ የመጡ እናቶች የካናዳ ቪዛ ማውጣት አለባቸው። የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀለት ደግሞ ጠበቃውን ሳያማክር ከአገር እንዳይወጣ። ሲወጣ ሳይሆን ሲመለስ ነው ጉዱ።

የከንት እናት፦ ይሄን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም፤ ልጄ ነግራኛለች። ግን ልዩነት አለ። በደርሶ መልሱ ቪክቶሪያ ላይ አልወርድም ብለው ክፍላቸው መቀመጥ ይችላሉ። በዋን ዌዩ ሻንጣ እየጎተቱ በብሌን የካናዳ ድንበር ተሰልፈው፣ ቫንኩቨር አድረው፣ በማግስቱ ለአሜሪካ ኬላ እንደገና ይሰለፋሉ።

ወረቀት አዋቂ፦ ድካሙ ይለያያል፤ እሺ። ቪዛው ግን አይቀርም። ያልወረደም ይጠየቃል።

የወደብ ልጅ፦ ሁሉም ነገር ከ1886ቱ የአሜሪካ ሕግ የመጣ ነው። የውጭ ባንዲራ ያለው መርከብ ከአሜሪካ ወደብ ወደ አሜሪካ ወደብ መንገደኛ አያመላልስም። ለዚህ ነው ከሲያትል ሴዋርድ ዋን ዌይ የሌለው። ለዚህ ነው ቪክቶሪያ በምሽት የሚቆመው። እነዚህ ግዙፍ መርከቦች ባሃማስ፣ ፓናማ፣ በርሙዳ ነው የተመዘገቡት። የአሜሪካ ባንዲራ ይዞ የሚዞር ትልቅ የውቅያኖስ ክሩዝ ሃዋይ ያለው ነው። በ2021 ካናዳ ወደቦቿን ስትዘጋ ኮንግረስ ለጊዜው አነሳው፤ መርከቦቹም ካናዳ ሳይቆሙ ሄዱ። ሰማይ አልተደፋም። ሕጉ ቢቀር ከሚሉት ነኝ።

ሙሌ ሬንተን፦ እኔ አይደለሁም። ሕጉ ቢነሳ በርካሽ ደሞዝ የሚሠራ የውጭ መርከብ ሁሉንም ይወስደዋል። እዚህ ዩኒየን ውስጥ የሚሠሩ አበሾች የሉም እንዴ? ለአንድ ምሽት ቪክቶሪያ ላለመቆም የሰው እንጀራ አይነካም።

የወደብ ልጅ፦ የቱ እንጀራ? የአላስካ ትልልቅ መርከቦች ላይ የአሜሪካ ባንዲራ ከሌለ የሚነካ ምን አለ? እኔ ወደብ ላይ ሻንጣ ሳወርድ ነው የምውለው። መርከብ በበዛ ቁጥር ሥራ ይበዛል።

ሙሌ ሬንተን፦ ለአንተ ይበዛል። ለአላስካዋ ዋና ከተማ ለጁኖ ሰዎችስ? ሠላሳ ሁለት ሺህ ገደማ ሕዝብ ባለበት ከተማ በቀን ከዚያ ግማሽ የሚያህል መንገደኛ ይወርዳል። በ2024 ቅዳሜ ቅዳሜ መርከብ አይግባ ብለው ድምፅ እስከመስጠት ደርሰዋል። ባያልፍም፣ ሰው መሮታል ማለት ነው። ከ2026 ጀምሮ ደግሞ በቀን 16,000፣ ቅዳሜ 12,000 ተብሎ ገደብ ተስማምተዋል።

ሰሜን ኮከብ፦ ይሄውና! ያን ሁሉ ሰው የሚያራግፉት ከሲያትል የሚነሱት አራት ሺህ ሰው የሚጭኑ መርከቦች ናቸው። የውሃ መንሸራተቻና መኪና መወዳደሪያ ያለበት መርከብ ላይ ሆኖ አላስካን አየሁ ይባላል? ሰው ውስጥ ገብቶ ሲጫወት ዓሣ ነባሪው በውጭ ያልፈዋል።

የከንት እናት፦ አሁን ደግሞ ልጆቻችን መጫወታቸውም ወንጀል ሆነ። መጀመሪያ ሰነፍ፣ ቀጥሎ ጨዋታ ወዳድ። ምን ቀረህ?

ጡረተኛው፦ ከቫንኩቨር ደርሶ መልስ የሚሄድም እኮ አለ። እሱ በውስጠኛው መንገድ ሄዶ በውስጠኛው ይመለሳል። ለምን አይታሰብም?

ካርታ ወዳድ፦ ትክክል ነዎት ጋሼ። እኔም ይሄን ልል ነበር። ባሕሩ ረጋ ይላል፤ አውሮፕላንም አያስፈልግም።

ሰሜን ኮከብ፦ ደናሊስ?

አንድ ካሜራ፦ ደናሊ! 6,190 ሜትር ተራራ ነው፤ ግን ከሦስት ጎብኚ ሁለቱ ደመና ነው የሚያየው። ለእሱ ብለህ ሰው ሁሉ ተጨማሪ ቀንና ብር ያውጣ ትላለህ። እኔ ባቡሩን እወደዋለሁ። ከሴዋርድ አንኮሬጅ ያለው መንገድ፣ ተርናጌን አርም በሚባለው የባሕር ክንድ ዳር ዳር ሲል፣ ከመርከቡ ባይበልጥ አያንስም። ግን «ደናሊን ታያላችሁ» ብሎ ለሽማግሌ ቃል መግባት አግባብ አይደለም።

ሰሜን ኮከብ፦ ቃል አልገባሁም። አለ ነው ያልኩት።

ወጣቱ፦ ለምን በጀልባው አንሄድም? የአላስካ ግዛት ፌሪ ከሲያትል በስተ ሰሜን ካለችው ቤሊንግሃም ይነሳል። በውስጠኛው መንገድ ነው የሚሄደው፤ አላስካ ውስጥ ኬቺካን ለመድረስ ሠላሳ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። የአሜሪካ መርከብ ስለሆነ ያ ሕግ አይነካውም፤ ካናዳ ወደብም አይቆምም። ዋን ዌይ ቁረጥ፣ ደርሶ መልስ ቁረጥ፣ እንደፈለግክ። ሰው ላይኛው ወለል ላይ ድንኳን ተክሎ ይተኛል።

የከንት እናት፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ፤ ግን እናቴን ድንኳን ውስጥ አላስተኛም።

ወጣቱ፦ ካቢንም አለው እኮ። ብቻ ቶሎ ያልቃል። የቪዛውን ጣጣ የሚፈታው እሱ ብቻ ነው፤ ያነሳሁት ለዚያ ነው።

ወረቀት አዋቂ፦ የልጁን ሐሳብ አትናቁት። ቪዛ ለሌላቸው ከባዶ ይሻላል።

ሰንበቴ፦ የትኛውንም ምረጡ፤ ቀኑ ግን ይስተካከል። የቀረበው ቀን ፍልሰታ ውስጥ ነው። ቡፌ ላይ ተቀምጠን ዳቦና ሰላጣ ስንቆጥር ልንከርም ነው? ደግሞ ያ ሳምንት ዋጋው ጣሪያ ላይ ነው። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ይሁን።

ሙሌ ሬንተን፦ ከጾሙ በኋላ ትምህርት ይከፈታል። ልጆቹንስ?

ሰንበቴ፦ እንግዲህ በሰኔ ይሁን።

ወረቀት አዋቂ፦ ሰኔም ጾም አለ። የሐዋርያት።

ሰንበቴ፦ እሱን አውቃለሁ። እንደ ዓመቱ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ነው የሚገባው። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ማየት ይቻላል።

ሙሌ ሬንተን፦ ግንቦት ላይ ትምህርት አልተዘጋም!

ጡረተኛው፦ መስከረም መጀመሪያ ብንል እንቁጣጣሽን መርከብ ላይ እናከብራለን። ልጅ ያላቸው ግን እንዳሉት ይቸገራሉ።

ሰሜን ኮከብ፦ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። እሁድ እጅ ይውጣ። ዋን ዌይ ወይስ ደርሶ መልስ። ብልጫ ያገኘው ይሁን።

የከንት እናት፦ በእጅ ብልጫ የእናቴ ቪዛ አይወጣም። መጀመሪያ ማን ምን ወረቀት እንዳለው ዝርዝር ይያዝ። ከዚያ በኋላ እጅ ይውጣ።

ሰሜን ኮከብ፦ ዝርዝሩ ሲሞላ ካቢኑ ያልቃል። አምና ለምን እንደቀረን ረሳሽው?

ካርታ ወዳድ፦ አምና የቀረነው ዝርዝር ስላልተያዘ ነው እንጂ ስለተያዘ አይደለም።

ሰሜን ኮከብ፦ እሱን ገንዘብ ያዧን ጠይቁ።

ወረቀት አዋቂ፦ ገንዘብ ያዧን አታስገቧት። ዝርዝሩን እኔ እይዛለሁ። ፓስፖርታችሁ የሚያበቃበትን ቀን ለየብቻ ላኩልኝ፤ እዚህ በአደባባይ አትጻፉ።